ትንሽ ልዩነት

መስከረም 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። ብርዱ ሳይጎዳሽ፣ ሥራው ሳያደክምሽ እንደቆየሽልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ልጄ ደህና ነን። መርፌ ያው መርፌ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ካለች እኔን ለመውጋት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔው ስለሆንኩ የምከሰው ሰው የለኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክቡን ካሬ አድርጌዋለሁ።

አትሳቂ። ንድፍ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ተንኮለኛ ተማሪ ይነሳና፣ ከአንድ ክብ ጋር ስፋቱ እኩል የሆነ ካሬ በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ መሥራት ይቻል እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም "ሠርተህ አምጣና እንየው" እያልኩ አስቀምጠው ነበር። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ የመርፌ እናትም ሞተችብኝ። ቤቱ ጭር አለ። ጠዋት ተነስቼ ጢሜን ለማን ብዬ እንደምላጭ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን የንድፍ ጠረጴዛዬን ከዕቃ ክፍሉ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ መስኮቱ ሥር አቆምኩትና ያንን የተማሪዎቼን ጥያቄ ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ተላጭቼ፣ የሸሚዜን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የምቀመጠው። መርፌ ዘግይተህ እንዳትቀጣ እያለች ታሾፍብኛለች።

አሁን ደርሼበታለሁ። ንድፉን ሳላጥፍ፣ በካርቶን መሐል አድርጌ ልኬልሻለሁ። ለማረጋገጥም ክቡንና ካሬውን ከአንድ ቆርቆሮ ቆርጬ ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪው ዘንድ ወሰድኳቸው። በወርቅ ሚዛኑ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው፤ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ልዩነት የለውም፣ ግን ቆርቆሮ ስለሆነ አልገዛህም አለኝ።

አንቺ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሪ የሒሳብ ሰው ነሽ። እናትሽ ሞታ፣ እንደ ጭራሮ ቀጥነሽ እኔ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ያስያዝኩሽ ኮምፓስ ነበር። እዚያ ላሉት ትልልቅ ምሁራን አሳዪልኝ። እዚህ ያለ ሰው ቢያመሰግነኝም ቢሰድበኝም ጉዳዬ አይደለም። አንቺ የምትይኝን ግን እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የዓይንህ ግፊት ጨምሯልና ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጎንበስ ብሎ መሥራት ክልክል ነው አለኝ። ጎንበስ ሳይሉ ደግሞ ንድፍ የለም። ጠብታውን እያደረግሁ ነው፤ ይህ ጉዳይ ይለቅና እደርስበታለሁ።

ፈጣሪ በምትሄጅበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 19

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? መርፌስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈተና ወቅት ስለሆነ ከወረቀት ክምር ሥር ነው ያለሁት።

ንድፉ ጫፉ እንኳ ሳይታጠፍ ደረሰኝ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በምጋራው ጠባብ ቢሮ፣ የተማሪዎቹን ወረቀት ወደ ጥግ ገፍቼ ዘረጋሁትና ብዙ ቆየሁበት። የመስመሮችዎ ጥራት ያው የድሮው ነው። ኮምፓሱ የቆመበት ቀዳዳ እንኳ በጣት ካልተዳሰሰ አይገኝም። እዚህ በማሽን ነው የሚነድፉት፤ እንዲህ ያለ እጅ አይተው አያውቁም።

ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። ሁሉም በጣም አደነቁ። በክቡና በካሬው ስፋት መካከል አንድ ትንሽ ልዩነት ብቻ ታይቷቸዋል። ለዓይን የሚታይ አይደለም፤ እርስዎንም የሚያሳስብ አይደለም።

ጋሼ፣ ሥራውን እዚህ ላይ አሳርፈው ቀዶ ጥገናውን ቢያስቀድሙ ምን ይመስልዎታል? ግላኮማ ቀልድ አይደለም ይላሉ። እኔን ይወዱኝ እንደሆነ ዓይንዎን ይታከሙልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 16

ይድረስ ለጭራሮዬ፤

ደስታ ከቤትሽ አይጥፋ፤ እኔን እንዳስደሰትሽኝ ያስደስትሽ። ደብዳቤሽን ለወርቅ ሠሪው አነበብኩለት፣ ለባለሱቁ አነበብኩለት፣ ያመጣውን ፖስታ አዳይ ሳይቀር በር ላይ አቁሜ አነበብኩለት። መርፌ ብቻ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "እኔ ለክብ ሰው ካሬ ጨርቅ ሳለብስ ነው የምውለው፤ አንድም ምሁር አድንቆኝ አያውቅም" አለች።

ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ ከሆነ ጥፋተኛውን ደርሼበታለሁ። የእርሳሱ ውፍረት ነው። መስመር ርዝመት እንጂ ውፍረት የለውም ብለን እናስተምራለን፤ እርሳስ ግን ውፍረት አለው። ክቡ የሚለካው ከመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ነው ወይስ ከውጭኛው? ምሁራኑ ያዩት ልዩነት እዚያ ውስጥ ነው የተደበቀው። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን እርሳሳችሁን ቅረጹ እያልኩ ስጮኽ ኖሬ፣ ለካ ራሴ ባልተቀረጸ እርሳስ ነበርኩ።

ስለዚህ ጠንካራ እርሳስ ላኪልኝ፤ ካለው ሁሉ የጠነከረውን። እዚህ የሚሸጠው ለመስመር ሳይሆን ለቅንድብ የተሠራ ነው። የማይጠጣ ወፍራም ወረቀትም ጨምሪበት። በትልቁ ከሠራሁት ልዩነቱ ከተደበቀበት ጉድጓድ ይወጣል።

የሐኪሙን ቀጠሮ አስተላልፌዋለሁ። ምሁራን እየጠበቁኝ አልጋ ላይ ልተኛ? አትቆጪኝ፤ ጠብታውን አላቋረጥኩም።

ለባልደረቦችሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በቅርቡ ነው በያቸው።

አጎትሽ


ጥር 25

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ባሉበት ጤና ይሁኑልኝ። እርሳሶቹንና ወረቀቱን ልኬያለሁ። ሻጩ ከዚህ የጠነከረ የለም ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጽፍልዎ ነበር። ይህ ጥያቄ እጅግ ከባድ እንደሆነ ይነገራል። ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሊቃውንት ደክመውበት ትተውታል። እርስዎ እዚህ መድረስዎ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ቢያቆሙትም የሚያስነውር አይደለም። ምናልባት ዕረፍት ቢወስዱ መልካም ይመስለኛል።

አዲሱ ቀጠሮ መቼ ነው? ቀኑን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 17

ይድረስ ለጭራሮዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እርሳሶቹ እርሳስ አይደሉም፣ መርፌ ናቸው። እውነተኛዋ መርፌ ስትቀና ጊዜ አንዱን ወስዳ ጨርቅ ማስመሪያ ልታደርገው ነበር፤ ነጠቅኳት።

ከባድ ነው ማለትሽ አበረታኝ። አንቺም ልጅ ሆነሽ ከባድ ነው እያልሽ ስታለቅሺ አስቁሜሽ አላውቅም። ሊቃውንቱ ደክመው ተዉት ማለትሽ ጥያቄው ሰው እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ይህን በትሕትና የጻፍሽልኝ ልቤ እንዳያብጥ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል።

መስመሩን አቅጥኜ አቅጥኜ አሁን ለእኔም አልታይ ብሏል። ማታ አምፖሉን ሳይ ዙሪያውን የቀስተ ደመና ክብ ያስቀምጥብኛል። ክቡ ራሱ አማላጅ ሆኖ መጣ ብዬ ለመርፌ ነገርኳት፤ አልሳቀችም። ግራ ዓይኔ ጠርዝ ጠርዙን ትቶብኛል፤ መሐሉን ግን አሁንም ያያል። የኮምፓስ እግር የሚያርፈው መሐል ላይ ስለሆነ ይበቃኛል።

ይልቅ ባለ መብራት አጉሊ መነጽር አለ ይሉኛል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር። እሱን ብትልኪልኝ ጨርሼ እገላገላለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ እንዳሻው ያድርገኝ።

ስምሽን በክፉ የሚያነሳ አፍ ይዘጋ።

አጎትሽ


መጋቢት 22

ለአክስቴ ልጅ፤

እኔ ነኝ፣ መርፌ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ደህና ብትሆኚ ደስ ይለኛል። በስልክ ያልነገርኩሽ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ነው፤ አባዬ ይሰማኛል።

መነጽሩ ደርሷል። የደረሰው ግራ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ቀዶ ጥገናው የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያድናል አለ። አባዬ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ውጭ አገር ምሁራን እየጠበቁኝ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ አለው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ቤታችንን ታውቂዋለሽ። ከአልጋው እስከ ጠረጴዛው ስንት እርምጃ ነው? ባለፈው ሳምንት በዚያ መሐል በርጩማ ጥሎት ግንባሩ ተሰንጥቋል። ደሙን ስጠርግለት ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ እያለ ይቆጣኛል። በመነጽሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ ሲመሽ ራሱን ይዞ ያቃስታል። ያንቺን ደብዳቤዎች ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።

እኔ ትምህርቴን አቁሜ ስፌት የገባሁ ሰው ነኝ፤ የክብና የካሬ ነገር አይገባኝም። ስለዚህ አድንቀዋል፣ ትንሽ ልዩነት፣ ከባድ ነው የሚለውን ለእሱ ተዪለት። ለእኔ በአንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ይህ ነገር ይሆናል ወይስ አይሆንም?

መርፌ


ሚያዝያ 5

እህቴ መርፌ፤

አይሆንም።

በአንድ ቃል ስላልሽኝ ነው። እንደማይሆን ሲረጋገጥ አያቶቻችን ገና አልተወለዱም ነበር። ማንም የሒሳብ ተማሪ ያውቀዋል። ንድፉን ሳልዘረጋ፣ ገና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳነብ አውቄዋለሁ። ለማንም አላሳየሁም። ባልደረቦቼ እንዲስቁበት አልፈለግሁም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌዋለሁ።

አትፍረጂብኝ። እናትሽ ከሞተች በኋላ አባዬ ሬሳ ሆኗል፣ ግድግዳ ሲያይ ይውላል ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ቆልፌ የሚል ደብዳቤ መጣ። ይህን በየትኛው እጄ ልቀማው? ትንሽ ልዩነት አለ ስል ይገባዋል ብዬ ነበር። ታላቅን ሰው ተሳስተሃል አይባልም፤ እንዲህ ነው ያሳደገን። ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ድምፁን ስሰማ ስለ አየሩ ጠይቄው ዘጋሁት።

እባክሽ አንቺ ንገሪው። አጠገቡ ነሽ፤ እጁን ይዘሽ ልትነግሪው ትችያለሽ።


ሚያዝያ 20

እኔ አልነግረውም። ብነግረውስ መቼ ይሰማኛል? መርፌ ምን ታውቃለች ነው የሚለው። ሐኪሙ ራሱ "አባት፣ ይህ ነገር የሚቻል አይመስለኝም" ቢለው፣ "አንተ የተማርከው ዓይን ነው" ብሎ አፉን አስያዘው። ከአንቺ ብቻ ነው የሚቀበለው። ይህን ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ጽፎልሻል።

እርሳስ ጠየቀሽ፣ ላክሽ። ወረቀት ጠየቀሽ፣ ላክሽ። መነጽር ጠየቀሽ፣ ላክሽ። የሚላክ ነገር ሲሆን እጅሽ ፈጣን ነው። ለሰው ልጆች ሁሉ በቀይ ስክሪብቶ ስህተት ነው እያልሽ የምትውዪ ሰው፣ ላሳደገሽ ሰው ሲሆን አክባሪ ሆንሽ።

ቀኝ ዓይኑ አሁንም ያያል። ዛሬውኑ ጻፊለት። አታሽሞንሙኚው።

መርፌ


ግንቦት 6

ለአጎቴ፤

ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀደው ሰነበትኩ። ዛሬ የማልቀደውን እጽፋለሁ።

ክቡን ካሬ ማድረግ አይቻልም። ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ አይቻልም። ከክቡ ጋር እኩል የሆነ ካሬ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ግን አይደረስበትም። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች የሚያደርሱበት ቦታ ልክ አለው፤ ያ ካሬ ከልኩ ውጭ ነው። ይህ በሒሳብ ተረጋግጦ የተዘጋ ነገር ነው። በዓለም ላይ ያለ ቀጭን እርሳስ ሁሉ ቢሰበሰብ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። የወርቅ ሠሪው ሚዛን ቀጥ ያለው ልዩነቱን ለማየት ስለማይችል ነው።

ምሁራን አላዩትም። የሚጠብቅዎት ሰው የለም። አድንቀዋል ያልኩት እኔው ነኝ፤ ትንሽ ልዩነት ያልኩትም ስህተት ነው ማለት ፈርቼ ነው። የእርስዎ እጅ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የእኔ ደብዳቤ ነው።

አሁኑኑ ኮምፓሱን አስቀምጠው ከመርፌ ጋር ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ከዚያ በኋላ እንዳሻዎ ይቆጡኝ። ልጄ አይደለሽም ቢሉኝም እችለዋለሁ። ቀኝ ዓይንዎን ግን ያድኑልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 2

ለአክስቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል።

ከመድረሱ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። አባዬ አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ተላጭቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እኔ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። "መርፌ፣ መስኮቱን ክፈቺው እንጂ" አለኝ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች።

ሐኪም ቤት በታክሲ አደረስኩት። ግፊቱ አንድ ጊዜ ተነስቶ ጨርሶታል አሉኝ። ቀዶ ጥገናውን አደረጉለት፤ ለሕመሙ እንጂ ለማየት አይደለም። አሁን ቤት ነው። ብርሃንና ጨለማ እንኳ አይለይም። በየቀኑ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭራሮ ጻፈች ወይ?

ፖስታሽን ፊቱ ቆሜ ከፈትኩት። ለራሴ አነበብኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ግልጽ ነው፤ ለእኔ ለስፌት ሠራተኛዋ እንኳ ገብቶኛል። እንዲህ መጻፍ የምትችዪ ሰው ነሽ ማለት ነው።

"ምን ትላለች?" አለኝ።

ንድፉ ተቀባይነት አግኝቷል ትላለች አልኩት።

ልዩነቱ በእርሳሱ ውፍረት እንደነበር ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። እጁን ሰዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈለገና ያዘው። "እንግዲያስ ዓይኔን በከንቱ አላጠፋሁትም" አለኝ።

እህቴ፣ ይህን የሰማሁበትን ጆሮ ይዤ ደብዳቤሽን ለእሱ ለማንበብ የሚሆን አንጀት የለኝም። ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ተናድጄብሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምወድሽም አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ታደርጊያለሽ። አባዬ ምሁራኑ ያሉትን ወርቅ ሠሪው በአደባባይ እንዲያነብለት ይፈልጋል። ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ወንበር አስደርድሮ እየጠበቀ ነው። እኔ እጅሽን አስመስዬ መጻፍ አልችልም፤ ወርቅ ሠሪው ጽሕፈትሽን ያውቀዋል። በራስሽ እጅ ጻፊው። እንደምታውቂበት አሽሞንሙኚው።

መርፌ


ሰኔ 17

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በወዳጅ በጎረቤት ፊት እንደሚነበብ ሰምቻለሁና ለተሰበሰባችሁት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በዩኒቨርሲቲያችን ያሉ የሒሳብ ምሁራን የአጎቴን ንድፍ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው መርምረውታል። ልዩነቱ እርሳቸው አስቀድመው እንደጻፉት የእርሳስ ውፍረት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በቀር በሥራቸው አንድም ልዩነት የለም። ምሁራኑ በአንድ ድምፅ ተቀብለውታል፤ ስማቸውንም በክብር አንስተዋል።

ጋሼ፣ እኔም በበኩሌ እንደ ሒሳብ አስተማሪ አይቼዋለሁ። ክቡና ካሬው እኩል ናቸው። ልክ ነው። ከእንግዲህ የሚታረም ነገር የለውም።

የእህትዎ ልጅ